አባየ የሆቴላችን እንግዳ የሆኑ ጊዜ

ሩም ሰርቪስ መሥራት ከጀመርሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ሥራው ሲያወሩት ቀላል ነው። እንግዳ ከክፍሉ ይደውላል፣ ኩሽና ያበስላል፣ እኔ በትሪ ተሸክሜ እወጣለሁ፣ አንኳኩቼ እገባለሁ፣ አስቀምጬ እወርዳለሁ። ሆቴላችን ጣና ዳር ያለ ባለ አራት ፎቅ ነው። መብራት ሲሄድ ጄኔሬተሩ ለኩሽናና ለመተላለፊያው እንጂ ለአሳንሰሩ አይበቃም፤ ስለዚህ አብዛኛውን ቀን የምንመላለሰው በደረጃ ነው። ድሮ ጉልበት እንዳለኝም አላውቅም ነበር። አሁን ጧት ከአልጋ ስወርድ ጀምሮ እያመመኝ አለሁ ይለኛል።

ደመወዛችን የቤት ኪራይ ከፍሎ ያልቃል። የምንበላው ከጉርሻ ነው። መንገዱ ከከፋ ወዲህ ጎብኚ ቀርቷል፤ የሚመጣው ለስብሰባና ለሥልጠና የሚመጣ ያገር ሰው ነው፣ እሱም እንደኛው ኑሮ የከበደው። ስለዚህ በማንም አልፈርድም። የሚያደክመኝ ሌላ ነገር ነው። ምግቡን አስቀምጠሽ ቶሎ ከወጣሽ ሰውየው ኪሱን እስኪፈትሽ ያመልጥሻል። ትንሽ ከቆየሽ ደግሞ የለመንሽ ይመስልብሻል። በሁለቱ መካከል ያለችው ትንሽ ጊዜ፣ ናፕኪኑን ሳያስፈልግ የማስተካክልባት፣ ከደረጃው ይልቅ ትከብደኛለች።

አባየ ቁንዝላ አካባቢ ባለ የሐይቅ ዳር ደብር መሪጌታ ናቸው፤ ዜማ ያስተምራሉ። ሆቴል እንደምሠራ ያውቃሉ። እዚያ ምን እንደምሠራ ግን ጠይቀውኝ አያውቁም፣ እኔም የሚነገር ነገር መስሎ አልታየኝም። ለበዓል አገር ቤት ስገባ ሥራ እንዴት ነው ይሉኛል፤ ደህና ነው እላለሁ፤ በዚያው ያልቃል።

በዐቢይ ጾም አጋማሽ አንድ መሥሪያ ቤት ስለ ብራና መጻሕፍት አያያዝ ሥልጠና አዘጋጀ፤ በሐይቁ ዙሪያ ካሉ አድባራትና ገዳማትም ሊቃውንትን ጠራ። ማደሪያቸው የኛ ሆቴል ሆነ። እኔ የከሰዓት ተረኛ ስለነበርሁ ሲገቡ አላየሁም። ስደርስ ሁሉም በየክፍላቸው ነበሩ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለሚጾሙም አንድም ስልክ አልጮኸም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሁሉም ባንድ ላይ ጮኸ። ሽሮ፣ ጎመን፣ ሱፍ ፍትፍት፣ ሻይ። ባልደረባየና እኔ ተከፋፍለን ወጣን። መብራት የለም።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያንኳኳሁትን በር የከፈቱልኝ ከተማ የለመዱ የሚመስሉ፣ ጨዋታ የሚወዱ ቄስ ናቸው። "ግቢ ልጄ፣ ግቢ፣ ራብ ሊገድለን ነው" አሉኝ። ገባሁ። በመስኮቱ ሐይቁን ሲያዩ የነበሩት ሰው ዞር አሉ። አባየ ናቸው።

ትሪ የያዘ ሰው ጉልበት መሳም አይችልም። "እንደምን ዋሉ" ብቻ አልሁ፤ ለማን እንዳልሁትም እንጃ። አባየ ብድግ አሉ። ነጭ ሸሚዜን አዩ፣ ሽርጤን አዩ፣ ትሪውን አዩ። ምግቡን ጠረጴዛው ላይ ደረደርሁ።

ቄሱ ቀሚሳቸውን ገልጠው ኪሳቸውን መፈተሽ ጀመሩ። "ቆዪ ልጄ፣ ባዶ እጅሽን አትውጪ። መሪጌታ፣ ምግብ ላመጣ ጉርሻ መስጠት የሆቴል ወግ ነው" አሉ ወደ አባየ ዞረው፤ የታጠፈውን ብርም ዘረጉልኝ።

እንደ ወጉ ሁለት እጄን ዘርግቼ ነበር። እዚያው ቀሩ።

"ልጄ ናት" አሉ አባየ።

"እንዴታ! ሁሉም ልጆቻችን ናቸው።"

"የወለድኋት ልጄ ናት።"

ቄሱ እጃቸውን እሳት እንደነካው ሰው ሰበሰቡ። "ይቅር ይበሉኝ መሪጌታ! አላወቅሁም እኮ። ደፈርኋችሁ።"

"ምን ድፍረት አለው? ይስጧት እንጂ። ይህን ሁሉ ደረጃ ተሸክማ ወጥታለች።"

ተቀበልሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብየ የቄሱን መስቀል ተሳለምሁ፣ ከዚያ ጎንበስ ብየ የአባየን ጉልበት ሳምሁ። ሲያነሡኝ ክንዴን ያዙና አልለቀቁኝም።

"ደክሞሻል?"

"ለምጀዋለሁ።"

"ቁጭ በይ።"

"አይፈቀድም አባየ። ሠራተኛ እንግዳ ክፍል አይቀመጥም።"

"እንግዳው እኔ አይደለሁ? ፈቅጃለሁ።"

የወንበሩ ጠርዝ ላይ ተቀመጥሁ፤ ጆሮየ ግን ኮሪደሩ ላይ ነበር። አባየ ምግቡን እንኳ አልነኩም። "እኔም ተማሪ ሳለሁ በየሰው ደጅ ቆሜያለሁ" አሉ። "በእንተ ስማ ለማርያም እያልሁ፣ ውሻው እየተከተለኝ። አንቺ የምትቆሚ ምግብ ይዘሽ ነው፤ እኔ የቆምሁ ባዶ አኩፋዳ ይዤ ነው። ያንቺ ይሻላል።" ይኼን ሲሉ ጫማየን ያዩ ነበር። ተረከዙ ባንድ ወገን አልቋል። ቆይተው "እኔ ግን ተምሬ ስጨርስ ተውሁት" አሉ። ሌላ ክፍል ይጠብቀኛል ብየ ወጣሁ። እውነትም ይጠብቀኝ ነበር።

በማግሥቱ ወሬው በሥልጠናው ሁሉ ተዳረሰ። ያች ሩም ሰርቪስ ያለችው የመሪጌታ ልጅ ናት ተባለ። ከዚያ በኋላ በየበሩ የሚቀበለኝ ምርቃት ሆነ። "የመሪጌታ ልጅ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፤ እጅሽ አይድረቅ፤ ከፍ በይ።" እኔ አሜን እያልሁ እወርዳለሁ። ለባልደረባየም ያው ሆነ፤ የመሪጌታ ልጅ ጓደኛ ናትና ተመረቀች። ለመሪጌታ ልጅ ብር መዘርጋት ነውር መስሏቸዋል። ጉርሻ ደግሞ እኛ ዘንድ የግል አይደለም፤ ያገኘነውን ሁሉ አንድ ሳጥን ውስጥ እንጨምርና ከሳህን አጣቢው ጀምሮ ለሁሉም ይካፈላል።

"አባትሽ መጥተው አራቆቱን!" አለችኝ ባልደረባየ ትሪዋን እያስቀመጠች። የሁለት ልጆች እናት ናት፣ ብቻዋን የምታሳድግ። "አሜን ስል ምላሴ ደረቀ። በምርቃት እኮ ዘይት አይገዛም።"

ሳቅን። እሷ መሳቋን ቀድማ አቆመች።

ሥልጠናው አልቆ አባየ ሲመለሱ ሻንጣቸውን ይዤ እስከ ጀልባው ወደብ ሸኘኋቸው። አባየ ጃንጥላቸውን ተመርኩዘው ቀስ ብለው ይራመዳሉ፤ እኔም ቀስ ማለቱን ወደድሁት። መንገድ ላይ ድንገት ጠየቁኝ።

"እስቲ ወጉን ንገሪኝ። ሌላ ጊዜ ሆቴል ብገባ እንዳልሳሳት።"

"የምን ወግ?"

"የጉርሻውን። አሰጣጡ እንዴት ነው?"

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ኖሮ አያውቅም። "አንዳንዱ ብሩን ትሪው ላይ ወርወር ያደርገዋል፤ ወጥ ይነካዋል፣ አጥቤ ነው የማደርቀው" አልሁ። "አንዳንዱ በጣቱ አንጠልጥሎ እጅ እስክነሣ ይጠብቃል። ደህናው ሰው ከሳህኑ ሥር ያኖረዋል፤ ወይም እጄ ላይ ያኖርና ወሬውን ይቀጥላል።"

"የሌለውስ?"

"የሌለው ደከማችሁ ይበል።"

"ይበቃል?"

ሌላ ቀን ቢሆን ይበቃል እላለሁ። ያን ቀን ግን ለጨዋነት የሚሆን አቅም አልነበረኝም። "አይበቃም አባየ። ከዝምታ ግን ይሻላል።"

"ምርቃትስ?"

መሬት መሬት አየሁ። አባየ ቆሙ። "እንግዲያ ካህናቱ..." ብለው ጀመሩና ገባቸው። "በእኔ ምክንያት ቀረባችሁ?"

"ተዉት አባየ፣ ምንም አይደል።"

አልተዉትም። ወደቡ ላይ ካህናቱ ጥላ ሥር ተሰብስበው ጀልባዋ እስክትጫን ይጠብቃሉ። አባየ መካከላቸው ገቡና ጃንጥላቸውን ዘርግተው ዘቀዘቁት፤ ልክ በንግሥ ቀን ለቤተ ክርስቲያን እንደሚለመነው። "አባቶቼ" አሉ፣ ዜማ የለመደ ድምፃቸው ወደቡን ሞላው፤ "ሲያበሉን የሰነበቱ ሰዎች እጃቸው ባዶ ነው። ልጁ ናት ብላችሁ የተዋችሁትን አሁን ስጡ። ለሷ ብቻ አይደለም፤ ላበሰለውም፣ ላጠበውም ነው።"

ልቆምበት የምችል ቦታ አጣሁ። ዓሣ የሚሸጡት ሴቶች ሥራቸውን ትተው ያያሉ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ፤ ያም ሆኖ ሮጬ አላስቆምኋቸውም። አንዱ ካህን ጨመረ፣ ሌላው ጨመረ። እነዚያ አብረዋቸው ያደሩት ቄስ "እኔ ከፍያለሁ እኮ!" አሉና ሰው ሲስቅ ደግመው ጨመሩ። አባየ ጃንጥላውን ይዘው መጡ፣ ነጠላየን አስዘርግተው ገለበጡልኝ።

"አፍረሽብኛል" አሉ።

"አዎ።"

"እኔም መጀመሪያ ጊዜ ደጅ ስቆም አፍሬ ነበር። ያልፋል አልልሽም።" ግንባሬን ሳሙኝና ወደ ጀልባዋ ገቡ። ዞረው አላዩኝም፤ ቦታ ፍለጋ ላይ ነበሩ።

ጀልባዋ ደንገሉን አልፋ እስክትሄድ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። መቀመጤን ያወቅሁት ለመነሣት ስሞክር ነው። ሆቴል ስደርስ የፈረቃየ ሰዓት አልፎ ስለነበር አለቃየ ሰው ፊት ተቆጣኝ። ምክንያት አልሰጠሁም። ተቆጥቶ ሲጨርስ ነጠላየን የጉርሻው ሳጥን ላይ አራገፍሁት። ባልደረባየ ብሩ ከየት እንደመጣ ስትጠይቀኝ ነገርኋት፤ ጃንጥላው ጋ ስደርስ ግድግዳ ተደግፋ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እኔም ልስቅ ፈልጌ ነበር። ሽርጤን ታጠቅሁና ሁለተኛ ፎቅ የታዘዘውን ሻይ ይዤ ወጣሁ።