ሳሉ የለቀቀኝ ቀን

ድሬ ላይ ብርድ! አቦ ተዉኝ! ላብ በጀርባችን እየወረደ እናቴ ወር ሙሉ «ብርድ መትቶሽ ነው» ስትለኝ ከረመች። እኔ ቀፊራ ገበያ ሰልባጅ ነው የምሸጠው። ቦንዳ በፈታሁ ቁጥር ከአሮጌው ልብስ አቧራ ይነሳል፣ ሳሌም አብሮ ይነሳል። ደረቅ ሳል ነው፤ አክታ የለው፣ ትኩሳት የለው። አጠገቤ የምትሸጠው ሴትዮ አፍንጫዋን በሻሿ ሸፍና ዕቃዋን ፈቀቅ አደረገች። ስንት ዓመት አብረን ምሳ በልተናል እኮ!

እናቴ ጥፋተኛውን አግኝታለች፤ ማራገቢያው ነው። አጠፋችው። መስኮቱን ዘጋች፣ ቀዝቃዛ ውሃም ከለከለችኝ። በዚያ ሙቀት እንደ ሳምቡሳ ልትጠብሰኝ ምንም አልቀራት። መድኃኒት ቤት ሄጄ «ያስለኛል» ስል ደግሞ ሻጩ «ከመቼ ጀምሮ?» እንኳ ሳይል ሽሮፕ አስጨበጠኝ። እኔም ሞኟ ጠጣሁት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቦንዳ ፈትቼ እየሳልኩ ቤት ገባሁ። ሳሉ እያነሰ፣ እያነሰ ሄደና ጭራሽ ጠፋ። እናቴ «አልሐምዱሊላህ፣ ለቀቀሽ!» አለች። እኔ አልጋው ጠርዝ ላይ ሁለት እጄን ተክዬ ትከሻዬ ይወጣል፣ ይወርዳል። «አልለቀቀኝም» ልላት ፈልጌ ቃሉ መሃል ላይ ትንፋሽ አጠረኝ። ከንፈሬ መጥቆሩን ስታይ ጮኸች። ጎረቤታችን በባጃጁ ሆስፒታል አደረሰን።

በጭንብል መድኃኒት ካስተነፈሱኝ በኋላ ሐኪሟ አጠገቤ ተቀመጠች። «አስም ነው። አቧራው የአየር ቧንቧሽን ያስቆጣዋል፤ ያብጣል፣ ይጠባል። ያ ነው የሚያስልሽ። ሽሮፑ ቧንቧውን አይከፍተውም። በጣም ሲጠብ ደግሞ ለመሳል የሚበቃ አየር እንኳ አይኖርም» አለችኝ።

ደሜ ፈላ። ሲያስለኝ ሸሹኝ፣ መስኮት ዘጉብኝ፤ ልሞት ዝም ስል አመሰገኑ! ስንት ሰው ይሆን በዚህ ከተማ «ተሻለው» እየተባለ የሚታፈነው?

አሁን በአፍ የሚሳበው መድኃኒት ከቦርሳዬ አይለይም፤ ማራገቢያውም ይዞራል። ትናንት ክፍሌ ተቀምጬ የሸሚዝ ቁልፍ ስተክል እናቴ ከግቢ ተጣራች። መርፌ በጥርሴ ይዤ ስለነበር አልመለስኩም። የያዘችውን ትሪ ጥላ እየሮጠች ገባች።

«ምነው ዝም አልሽ?» አለች።

ወር ሙሉ ያጠራቀምኩትን ቁጣ ላወርድባት መርፌውን ከአፌ አወጣሁ። ፊቷን ሳይ አልቻልኩም።

«አለሁ እማ፤ እየተነፈስኩ ነው» አልኳት።