ልሙጥ ወረቀት

ሰሞኑን የእህቴ ልጅ የላከልኝ የስልክ መልእክት ሳጥን ብቻ ሆኖ ገባ። አንድም ፊደል የለበትም፤ ተርታውን የተደረደረ ባዶ ሳጥን። ኋላ ስደውልለት «ስልክሽ አርጅቷል፣ ፊደሉን አያውቀውም» አለኝ። እኔ ግን ስልኩን ይዤ እንደቆምኩ መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ቀጥሎ ሆዴ ባባ። እነዚያን ሳጥኖች ድሮም አውቃቸዋለሁ። ልንገርህ።

ሚሊኒየሙ ሊገባ ጥቂት ዓመት ሲቀረው፣ ጋይንት ውስጥ አንዲት ትንሽ ከተማ በቤተ ክህነት ቢሮ ታይፒስት ነበርኩ። ቢሮው አንድ ክፍል ነው፤ ቆርቆሮው ፀሐይ ሲመታው የሚንጣጣ፣ የአቧራና የጧፍ ሽታ የማይለየው። በጽሕፈት መኪና ስንቀጠቅጥ ኖረን ኖረን፣ አንድ ቀን ሌላ ቦታ ብዙ የተሠራበት ኮምፒውተር ከነማተሚያው ተሰጠን። ደስታዬን አትጠይቀኝ! የጽሕፈት መኪናውን በጨርቅ ሸፍኜ መደርደሪያ ሥር ገፋሁት። ጥፍሬም አረፈ።

ኃላፊያችን አንድ ልማድ ነበረው። ለስብሰባ ወደ ደብረ ታቦር ሲሄድ ሥራ እንዳይቆም ብሎ ባዶ ወረቀት ላይ ፈርሞና ማኅተም መትቶ ይተውልናል። እኛ ጽሑፉን ከላይ እናትምበታለን። ክፉ ልማድ ነው፤ ግን ያኔ ማንም ክፉ ነው አላለም።

አንድ ሐሙስ፣ ለቅሶ ሰንብቼ በተመለስኩ ማግሥት፣ አንዲት ሴት የአንድ ዓይነ ስውር ካህን እጅ ይዛ ገባች። ካህኑ ገና ጎልማሳ ናቸው፤ ጥምጥማቸው ንጹሕ፣ መቋሚያቸው በእጃቸው። እሷ ታላቅ እህታቸው ናት። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፣ ከመቀነቷ አንድ ወረቀት ፈትታ ጠረጴዛዬ ላይ ወረወረችው።

«ሰው ፊት አሳቃችሁብን! ምን ብላችሁ ነው ይህን የሰጣችሁን?»

ዘረጋሁት። ከታች ፊርማና ማኅተም፣ ከላይ እስከ ታች ሳጥን።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ካህኑ መሪጌታ ናቸው፤ እዚያው ጋይንት ቤተ ልሔም ብዙ ዓመት ተቀምጠው የድጓን ዜማ አስመስክረዋል። ሰማዳ ውስጥ የተወለዱበት ደብር መሪጌታ ስለሌለው ሊቀጥራቸው ፈልጎ ከቢሮአችን ማስረጃ አምጡ አላቸው። እኔ ለቅሶ ላይ ስለነበርኩ ማስረጃውን የጻፈላቸው የቢሮው ጸሐፊ ነው፤ ደግ ሰው፣ ግን ጥድፊያ የሚወድ። እሑድ በሰበካ ጉባኤው ፊት ወረቀቱ ሲከፈት አንዱ ሽማግሌ «መሪጌታ፣ ይኼማ የንብ ቀፎ ነው» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። አንዳንዱማ ዓይን የለውም ብሎ ሰው አታልሎት ይሆን፣ ወይስ እሱ እኛን እያታለለን ነው ማለት ጀመረ። ሌላ የሚወዳደር ሰው ስላለ ለመጪው እሑድ እውነተኛውን ካላመጡ ቦታው የዚያ ነው። ሰማዳ ለመድረስ ደግሞ በማግሥቱ ዓርብ ጎሕ ሲቀድ መንገድ መጀመር አለባቸው።

«ስክሪኑ ላይ እኮ ደህና ነበር!» አለ ጸሐፊው። «በዚህ በዓይኔ ነው ያየሁት። ሲወጣ አጥፌ ሰጠኋቸው።»

«አጥፈህ ሰጠህ!» አለች እህትየው። «እኔ ፊደል አልቆጠርኩ፣ እሱ አያይ። እንግዲህ ማን ይይልን?»

መሳቢያውን ከፈትኩት። ማኅተም ያረፈበት ወረቀት አንዲት ብቻ ቀርታለች። ኃላፊው ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ነው የሚመለሰው። ጸሐፊው በእጅ ልጻፍላቸው ቢል እህትየው አሻፈረኝ አለች። ከዚያ ሁሉ ሳቅ በኋላ የእጅ ጽሑፍ ማን ያምናል?

እንግዲህ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጥኩ። ለቅሶ ስሄድ ደህና ያትም ነበር፤ በሌለሁበት ምን እንደተነካ እንጃ። ስክሪኑ ላይ ፊደሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ባዶ ወረቀት አጉርሼ ሳትመው ሳጥን። አጥፍቼ አበራሁት፤ ሳጥን። ፎንቱን ሰርዤ ከፍሎፒው እንደገና ጫንኩት፤ ሳጥን። ሌላ ፎንት ብመርጥ ደግሞ የግዕዙ ፊደል ተገልብጦ የፈረንጅ ፊደልና የጥያቄ ምልክት ሆነብኝ። መብራቱ ሄዶ ስንጠብቅ፣ መጥቶ ስንጀምር ቀኑ ተጋመሰ። መሪጌታው አግዳሚው ላይ ተቀምጠው በጣታቸው መቋሚያቸውን እየመቱ ዜማ ያንጎራጉራሉ። እኔ ላብ በላብ ሆኛለሁ።

መጨረሻ ላይ የማተሚያውን ቅንብር ስጎረጉር አንድ ነገር አየሁ፤ ፊደሉን እንደ ሥዕል አድርገህ ላክ የሚል ምርጫ። ማተሚያው ፊደላችንን አያውቀውም፣ ሥዕል ግን ያውቃል ማለት ነው። መረጥኩት፣ አተምኩ። ፊደሉ እንደ ጉድ ወጣ!

«እሰይ! እሰይ!» ብዬ ዘለልኩ። ጸሐፊው አማተበ። እህትየው እልልታውን አቀለጠችው።

«በሉ ያችን ወረቀት ወዲህ በሉ፣ እንጨርስ» አልኩ።

መሪጌታው እጃቸውን ዘረጉ። «እስቲ መጀመሪያ የታተመውን ስጪኝ።» ሰጠኋቸው። በመዳፋቸው ከላይ ወደ ታች ዳሰሱት፣ ገልብጠው ዳሰሱት። ከዚያ ቀስ ብለው «ልሙጥ ነው» አሉ።

«አዎ መሪጌታ፣ ቀለም ነው እኮ። ግን ተጽፏል፣ እኔ ምስክር ነኝ።»

«የፊተኛውም ተጽፏል ተብሎ ነው የተሰጠኝ፣ ልጄ። እንዲሁ ልሙጥ ነበር። ደረቴ ላይ ይዤው ሄድኩ። ሲስቁ ነው ባዶ መሆኑን ያወቅሁት።»

የያዙትን ወረቀት መልሰው ዘረጉልኝ።

«ድሮ እዚህ ስመጣ የሚንኳኳ ነገር ነበራችሁ» አሉ። «ቀጭ ቀጭ የሚል። የት ሄደ?»

«እሱማ ተጥሏል» አለ ጸሐፊው። «ደግሞስ መሪጌታ፣ የኮምፒውተሩ እኮ ለዓይን ያምራል።»

«ለማን ዓይን?» አለች እህትየው።

እኔ ተንበርክኬ የጽሕፈት መኪናውን ከመደርደሪያው ሥር ጎተትኩት። ጨርቁን ስገልጠው የዘይቱና የሪባኑ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። መጀመሪያ ቁራጭ ወረቀት ላይ ጥቂት መታሁና ሰጠኋቸው። ወረቀቱን ገልብጠው ፊደሉ የጎረበጠበትን ጀርባውን በጣታቸው ጫፍ ሲነኩት ፊታቸው በራ። ዓይናቸው የጠፋው ፊደል ቆጥረው ዳዊት ከጀመሩ በኋላ ነው፤ የፊደሉን መልክ ያውቁታል።

«ይኼ ጽሑፍ ነው» አሉ።

ያችን አንዲት ወረቀት አጎረስኩ። በማስረጃ ላይ ስርዝ ድልዝ አይፈቀድም፤ አንድ ስሕተት ከሠራሁ የእሑዱ ጉባኤ ሌላ ሰው ይቀጥራል። በዚያ መኪና ደግሞ ፊደሉን መትተህ ቅጥሉን፣ ካዕብ ሳልስ የሚያደርገውን ጭረት፣ ለብቻው ትመታለህ፤ ጣት ከሳተ መመለሻ የለውም። ከተውኩት ብዙ ጊዜ ሆኖኛል።

«እመቤቴ ትቅደምሽ» አለች እህትየው፤ የቅድሙ ቁጣዋ የት እንደገባ እንጃ።

ቀጭ፣ ቀጭ። ሌላ ድምፅ አልነበረም። መሪጌታው ዜማቸውን አቁመው ያዳምጣሉ። ስማቸው ጋ ስደርስ ፊደሉን አንድ በአንድ ቀስ ብዬ መታሁ። የመጨረሻዋን አራት ነጥብ ጠንክሬ መታኋትና ወረቀቷን አወጣሁ። ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው፤ ጸሐፊውም ደገመው። አንድ ስሕተት የለም። ፊደሉ እዚህ ከፍ እዚያ ዝቅ ያለ ነው፣ አያምርም።

«ስሜ የት ጋ ነው?»

ወረቀቷን ገልብጬ ጣታቸውን ይዤ አስቀመጥኩት። ሄደ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ሄደ። ብዙ ቆዩበት።

«አለሁበት» አሉ። ከዚያም ወደ እህታቸው ዞር ብለው «አለሁበት፣ እታለም» አሉ። እሷ በነጠላዋ ዓይኗን ጠረገች።

ሊወጡ ሲሉ «የክርስትና ስምሽን ንገሪኝ» አሉኝ። ነገርኳቸው። ለጸሎት ብለው እንደጠየቁኝ ገባኝ። ሁለቴ በከንፈራቸው ደጋግመው አጠኑትና ወጡ።

መሪጌታው ተቀጠሩ። ከዚያ ወዲህ ከሰማዳ የሚመጣ መንገደኛ ቢሮአችን ጎራ ብሎ «መሪጌታ ሰላም በሏት ብለዋል» እያለ በክርስትና ስሜ ይጠይቃል። ጸሐፊው መጀመሪያ መጀመሪያ «እንዲህ የምትባል እዚህ የለችም» እያለ ይመልሳቸው ነበር፤ እኔ ከውስጥ «አለሁ፣ አለሁ!» እያልኩ እወጣለሁ። እኔ ከተማ ከለወጥኩ በኋላ እንኳ ሰላምታው ሰው በሰው ይደርሰኝ ነበር።

መሪጌታው አምና አረፉ አሉኝ፤ የሰማሁት አርባቸው ከወጣ በኋላ ነው። ለቅሶ እንኳ አልደረስኩ። እናቴ ከሞተች ወዲህ በዚያ በክርስትና ስሜ የሚያነሳኝ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ።