ሂንድ እና የአይሪሹ ወናፍ

የሂንድን ባል የቀማችው ሴት ብትሆን ኖሮ ነገሩ በቀለላት ነበር። ሴት ስም አላት፣ ቤቷ ይታወቃል፤ ሽማግሌ ይላክባታል፣ እምቢ ካለችም ሄዶ ፀጉሯን መንጨት ነው። የሂንድን ባል የወሰደው ግን ወናፍ ነው። ወናፍ ላይ ማን ሽማግሌ ይልካል?

ጊዜው በፈረንጆቹ 1996 ነው፣ ቦታው አውስትራሊያ፣ የሜልቦርኑ ሰንሻይን ዌስት። ሂንድ ከልብስ ፋብሪካ በጆንያ የሚመጣላትን የተማሪ ሸሚዝ ኮሌታ ሳሎኗ ውስጥ ቁጭ ብላ በስፌት መኪና ትሰፋለች። ባሏ አብዱልቃድር ታክሲ ይነዳል። በሌሊት ወጥቶ ከሰዓት በኋላ ይመለሳል። ሲመለስ ጫማውን ያወልቃል፣ "አሰላሙ ዓለይኩም" ይላል፣ ከዚያ እጁን እንኳ ሳይታጠብ ቴፑን ይጫናል። ያ ጉድ ይጀምራል። መጀመሪያ የታነቀ በግ የመሰለ ድምፅ ይወጣል። ከሥሩ አንድ ወፍራም ድምፅ ከፍ ሳይል ዝቅ ሳይል እምም እያለ ይቀጥላል። በላዩ ላይ ደግሞ ዋሽንት መሳዩ ነገር ማን እንዳባረረው ሳይታወቅ ይሮጣል። የስፌት መኪናው እንኳ ክር ሲያልቅበት ያርፋል፤ ይሄ አያርፍም።

"ስሚ፣ አሁን ይሄን ስሚ" ይላታል።

"እየሰማሁ ነው። ጎረቤቱም እየሰማ ነው።"

"ሲመለስ እኮ ለወጠው። ቅድም እዚህ ጋ ጣቱን ቀጥ አድርጎ አለፈ፣ አሁን አንቀጠቀጣት።"

"አንድ ዓይነት ነው።"

"አንድ ዓይነት አይደለም።"

"አብዱልቃድር፣ ከሮመዳን ጀምሮ አንድ ዓይነት ነው።"

እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ማብራሪያው አለ። መሣሪያው የአየርላንድ ሰዎች ነው፣ ኢለን ፓይፕ ይባላል። ስኮቶቹ ቆመው ጉንጫቸውን ወጥረው ከሚነፉት ጋር ያምታታ ሰው ከአብዱልቃድር ጋር ይቀያየማል። ይሄኛውን ተቀምጠው ነው የሚጫወቱት፣ አፍ አይነካውም። በቀኝ ክንድ ሥር የአንጥረኛ የመሰለ ትንሽ ወናፍ ይታሰራል፤ በግራ ክንድ ሥር ነፋሱን የሚያጠራቅም ከረጢት ይታቀፋል፤ ጣቶች ዋሽንቱ ላይ ይሠራሉ። "ስለዚህ ትንፋሽ አያጥረውም" ይላል፣ ራሱ የፈለሰፈው ይመስል። እንግዳው "ማሻ አላህ" ብሎ በሩን ያያል።

ይህ ሁሉ የመጣው ከታክሲው ነው። በጥር ወር፣ ከሰሜን የሚነፍሰው ትኩስ ነፋስ ከተማውን ሲያንገበግብ በዋለበት ቀን፣ አብዱልቃድር ከመሃል ከተማ አንድ ሳጥን የታቀፈ ሽማግሌ ጫነ። ሚስተር ኮልም ይባላል፤ ከባቡር ጥገና ጡረታ የወጣ አይሪሽ ነው። ሽማግሌው ተጨንቋል። የመሣሪያውን ድምፅ የሚያወጣው ከሸምበቆ የተጠረበ ቀጭን ምላስ ነው፤ የለመደው የአየርላንድን እርጥብ አየር ስለሆነ በሜልቦርን ሙቀት ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ቤቱ እስኪደርስ መታገሥ አቅቶት ከኋላ ወንበር ላይ ወናፉን ክንዱ ላይ አስሮ ሞከረው። አብዱልቃድር መኪናውን ዳር ይዞ ሞተሩን አጠፋ። እዚያው እንደ ተቀመጠ አንድ ሙሉ ዜማ ሰማ፣ ከዚያ ሌላ አስጨመረ፤ ሽማግሌው ሲወርድ ካሴት ሰጠው። ማታ ቤቱ ሲገባ ፊቱ ሌላ ሰው ሆኖ ነበር። ሂንድ የታመመ መስሏት ግንባሩን ዳሰሰችው።

ሂንድን ያንገበገባት ጩኸቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጆሮዋ ላይ ጥጥ ትወትፍ ነበር። አብዱልቃድር ደሴ ሳለ መንዙማ አውጪ ነበር። እሱ ሲያወጣ ለዱዓ በተሰበሰበው ሐድራ ውስጥ የሚያስል ሰው አይኖርም ነበር። ሂንድ መጀመሪያ ያወቀችው በድምፁ ነው። መልኩን ያየችው በኋላ ነው፣ ያኔ ደግሞ ለማማረጥ ጊዜው አልፎ ነበር። እሱ ሲያወጣ የሚቀበለው ታናሽ ወንድሙ ሙዓዝ ነበር። ሁለቱ ተያይዘው ሲሄዱ የአንደኛው ድምፅ የት እንዳበቃ፣ የሌላው የት እንደጀመረ አይለይም ነበር። ሱዳን ከተሰደዱ በኋላ ሙዓዝ ገዳሪፍ ላይ በወባ ሞተ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ አብዱልቃድር አፉን ለመንዙማ ከፍቶ አያውቅም። ሜልቦርን ያለው የወሎ ሰው በየመውሊዱ ይለምነዋል፣ መልሱ አንድ ነው፤ "ተቀባይ የለም።"

ሂንድ ሐዘን ነው ብላ ዓመታት ዝም አለች። አሁን ግን የልጃቸው የሪሀና ኒካሕ ደርሷል። ልጅቷ የጋሼ ሱለይማንን ልጅ ልታገባ ነው። ሂንድ ከድግሱ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በዋዜማው ባሏ ለልጁ አንዲት መንዙማ እንዲያወጣ። ልብሱ፣ አዳራሹ፣ የሚታረደው በግ፣ ሌላው ሁሉ እንደሚሆን ይሁን። ቁጭ አድርጋ ለመነችው። "ተቀባይ የለም" አላት። ከዚያ ተነሥቶ ካሴቱን ገለበጠ።

ደሟ ፈላ። ለገዛ ልጁ ድምፅ የሌለው ሰው ለአይሪሽ ግን ጆሮ አለው።

ይህ እንዳይበቃት ደግሞ ጋሼ ሱለይማን ከሆፐርስ ክሮሲንግ ድረስ መጡ። ሻይ ቀረበላቸው፣ አልነኩትም።

"ሂንድ፣ እኔ እንኳ አላመንኩም" አሉ። "ሰው ግን ያወራል።"

"ምን ብሎ ነው የሚያወራው ጋሼ?"

"አብዱልቃድር እሑድ እሑድ መጠጥ ቤት ይገባል ብሎ።"

"ይገባል። አይሪሾቹ ተሰብስበው የሚጫወቱት እዚያ ነው። እሱ የሚጠጣው ለስላሳ ነው፣ ሎሚ ስኳሽ።"

ጋሼ ሱለይማን ጢማቸውን ዳበሱ። "ሎሚ ስኳሽ እዚህም አለ እኮ።"

"አለ ጋሼ። ፍሪጁን የሞላው እሱ ነው።"

ሽማግሌው ተነሥተው ወጡ። ሌላ መናገር አላስፈለጋቸውም፤ ሻዩን ሳይጠጡ መሄዳቸው በቂ ነበር። ሂንድ ያን ሻይ እንደ ቀዘቀዘ ራሷ ጠጣችው፣ እየተናደደች።

በተከታዩ እሑድ ሂጃቧን አጥብቃ አሰረች፣ ሪሀናን አስከተለች፣ ባቡር ተሳፍራ ሄደች። የመጠጥ ቤት ደፍ ስትረግጥ የመጀመሪያዋ ነው። ከኋላ ባለው ክፍል ጥቂት ሰዎች ክብ ሠርተው ተቀምጠው ይጫወታሉ፤ አንዱ ቫዮሊን፣ አንዱ ፍሉት ይዟል፤ ሚስተር ኮልም መሃል ላይ ወናፉን በክርኑ ይነፋል። በዙሪያው ያለው ሰው ብርጭቆውን ጨብጦ ያወራል፣ ይስቃል። ጥግ ላይ ባሏ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀምጧል። የስኳሹ በረዶ ሟሙቶ አልቋል። ማንም አይሰማም፣ እሱ ብቻ ይሰማል።

ሂንድ ሐድራ ውስጥ ያደገች ናት። ዜማ መሃል ላይ አይቆረጥም። ስለዚህ እስኪያልቅ ብላ ግድግዳ ተደግፋ ጠበቀች። ዜማው ሊያልቅ ደረሰ፣ ሂንድ ከግድግዳው ተላቀቀች፣ ሰዎቹ ትንፋሽ እንኳ ሳይወስዱ ሌላ ጀመሩ። ያም ሊያልቅ ሲል ወደ ሌላ ዞሩ። ሪሀና አጠገቧ ያለውን ሰውዬ ጠይቃ መጣች። ልማዳቸው ነው አለች፣ እንደ ሁልጊዜው በእንግሊዝኛ፤ ዜማዎቹን እያያያዙ ነው የሚጫወቱት፣ በመሃል አያቆሙም።

"ለምን አያቆሙም?" አለች ሂንድ። "ማን አሳድዷቸው?"

በመጨረሻ ሲያቆሙ አብዱልቃድር ዓይኑን ገለጠ። ሚስቱ ከፊቱ ቆማለች።

"ተነሣ።"

"ሂንድዬ፣ አንዲት ብቻ—"

"ተነሣ ብዬሃለሁ። ሽማግሌው ከፈለገህ ቤታችን ይምጣ፣ በር አልቆለፍንበትም። እዚህ ደጅ ግን ሁለተኛ እግርህ ቢረግጥ እኔን አታውቀኝም።"

ሚስተር ኮልም ምን እንዳለች ሪሀናን ጠየቃት። ሪሀና አስተዋይ ልጅ ናት፤ እናቴ እሑድ ቤታችን ጋብዛሃለች አለችው። ሽማግሌው ከመቀመጫው ተነሥቶ የሂንድን እጅ ሊጨብጥ እጁን ዘረጋ፣ ከዚያ ሂጃቧን አይቶ ልማዱ ትዝ ያለው ይመስል መልሶ ደረቱ ላይ አደረገው። ባልሽን በዚህ ከተማ የሚተካከለው ሰሚ የለም አላት። እዚህ ያለው ሁሉ ከኔ ጋር ይጠጣል፣ የሚሰማኝ ግን እሱ ብቻ ነው አለ።

"ቤት ሲገባ እኔንም ቢሰማኝ ጥሩ ነበር" አለች ሂንድ። ይህንን ሪሀና ጭራሽ አልተረጎመችውም።

በሳምንቱ ሚስተር ኮልም ሳጥኑንና ራሱ የጋገረውን ዳቦ ይዞ መጣ። የአሳማ ስብ የለውም፣ ቅቤ ብቻ ነው ብሎ ገና ከበሩ ላይ ተናገረ። ሂንድ ሳምቡሳ ጠብሳለች፤ ብትናደድም እንግዳ እንግዳ ነው። ሽማግሌው ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ መሣሪያውን መገጣጠም ጀመረ። ቱቦ ሰካ፣ ነቀለ፣ ሸምበቆውን በጣቱ ጨመቅ አደረገ፣ ድምፁን ሞከረ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ እንደገና ነቀለ። ሳምቡሳው ቀዘቀዘ።

"ይሄ ሁሉ ገና ሳይጀምር ነው?" አለች ሂንድ።

"ይስተካከላል፣ ቆይ" አለ አብዱልቃድር፣ ዓይኑን ከሽማግሌው እጅ ሳይነቅል።

ከዚያ ተጫወተ። የሚሮጡትን ሁለት ሦስት አሳለፈና አንድ ቀስ ያለ ዜማ ያዘ። አብዱልቃድር ወደ ሂንድ ጠጋ ብሎ አንሾካሾከ፤ ይሄ ከመሠረቱ ግጥም ያለው ዘፈን ነው፣ ተጫዋቹ ቃሉን ካላወቀ የት እንደሚያረዝም፣ የት እንደሚያሳርፍ ይጠፋዋል።

"አንተ ቃሉን ታውቀዋለህ?"

"የት አውቄው።"

"ታዲያ ምን ያስለቅስሃል?"

"አላለቀስኩም" አለ በእጅጌው ዓይኑን እየጠረገ። እውነቱን ለመናገር ያቺኛዋ ዜማ ለሂንድም አልከፋቻትም። ይህን ለባሏ ከምትነግረው ግን የመጣላትን ኮሌታ ሁሉ ፈትታ ብትሰፋ ትመርጣለች።

ሚስተር ኮልም ጨርሶ እጁን ጉልበቱ ላይ አሳረፈ። ከዚያ አብዱልቃድርን በጣቱ ጠቆመና አንተ ቀጥል አለው። ሪሀና ተረጎመች፤ በአገራቸው ቤት ውስጥ ሰዎች ሲሰበሰቡ የተጫወተው ሰው ቀጣዩን ይጠራል። የተጠራ እምቢ አይልም። ድምፁ ያምራል አያምርም፣ ማንም አይጠይቅም፤ ያለውን ይሰጣል።

"ተቀባይ የለም በይው" አለ አብዱልቃድር።

ሪሀና እንደምንም አስረዳችው። ሽማግሌው ሰማ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ መጠበቁን ግን አልተወም። አልተቆጣም፣ አልለመነም፤ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። አብዱልቃድር እንድታድነው ሂንድን አያት። ሂንድ የሳምቡሳውን ሳህን ማስተካከል ያዘች። ለሚስቱ፣ ለልጁ፣ ለመላው የወሎ ሰው እምቢ ያለ ሰው የአንድ ሽማግሌ ዝምታ ሲያስጨንቀው ማየት ደስም አላት፣ አናደዳትም።

ጉሮሮውን ጠረገ። አወጣ።

ድምፁ ሻክሯል፣ መጀመሪያ ላይ ተሰበረ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ቀና አለ። ሚስተር ኮልም አንገቱን ደፋ፤ ሪሀና አባቷን ልክ አሁን እንዳወቀችው ሁሉ አፏን ከፍታ ታየዋለች፤ እንዲህ ሲል ሰምታው አታውቅም። ሦስተኛው ስንኝ አለቀ። ሙዓዝ የሚገባበት ቦታ ላይ ደረሰ። አብዱልቃድር ወንድሙ ይቀመጥበት ወደነበረው ጎን እጁን ዘረጋ፣ ከዚያ እጁ እዚያው አየር ላይ ቀረ።

የሂንድ ንዴት ከእግር ጥፍሯ ተነሥቶ ጉሮሮዋ ላይ ደረሰ። ክፉ ነገር ልትናገረው አፏን ከፈተች። የወጣው ግን አዝማቹ ነበር። በቦታው፣ በልኩ፣ ሙዓዝ ይቀበልበት በነበረው አኳኋን፣ አንድ ቃል ሳታጎድል ተቀበለችው።

አብዱልቃድር ዞሮ አያት።

"ታውቂዋለሽ?"

"ደሴ እያለን በየሐድራው ስሰማው ኖሬ ይጠፋኛል?"

"ነግረሽኝ አታውቂም።"

"ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?" አለች ሂንድ። "ተቀባይ የለም፣ ተቀባይ የለም ስትል ስንት መውሊድ አለፈ። ለመጣው ሰው ሁሉ እንደዚያ ስትል እኔ አጠገብህ ቁጭ ብዬ ነበር። አንድ ቀን ዞር ብለህ አላየኸኝም። ሙዓዝ ለኔም ወንድሜ ነበር፣ እኔም ሞቶብኛል። ይሄንንም ጠይቀኸኝ አታውቅም።"

አብዱልቃድር የዘረጋውን እጁን ቀስ ብሎ ጉልበቱ ላይ መለሰው። ዜማው ለምን እንደቆመ ሚስተር ኮልም ሪሀናን በሹክሹክታ ጠየቃት፤ ሪሀና እንባዋን እየጠረገች በእጇ ዝም በል የሚል ምልክት ሰጠችው።

አብዱልቃድር ከሶፋው ወርዶ ምንጣፉ ላይ፣ ሂንድ አጠገብ ተቀመጠ።

"ከየት ልጀምር?" አላት ቀስ ብሎ።

"ከመጀመሪያው" አለች ሂንድ። "የቅድሙን አበላሽተኸዋል።"