የሚያጉረመርም መጋዝ

ባለቤቴ ገንዳ ውሃ ከተማ ውስጥ የሞተር መጋዝ ጠጋኝ ነው። ጋራዡ ግቢያችን ነው፤ ግቢያችንም ጋራዡ ነው። ልብስ በማሰጣበት ገመድ ላይ የመጋዝ ሰንሰለት ተንጠልጥሎ ባገኘሁ ቁጥር እናደድ ነበር። አሁን ሰንሰለቱን ወደ ዳር ገፋ አድርጌ ቀሚሴን አሰጣለሁ። ሰው ስንት ዓመት ይናደዳል?

እኔ አስተማሪ ነኝ። ግማሹን ቀን ከተማሪ ጩኸት፣ ግማሹን ከመጋዝ ጩኸት ጋር አሳልፋለሁ። እውነቱን ልናገርና መጋዙ ይሻለኛል፤ እሱ ቢያንስ የሚጮህበት ምክንያት አለው። ምክንያቱን ያስተማረኝ ባለቤቴ ነው። በተጋባን ሰሞን ከጎኑ ያስቀምጠኝና "ስሚው" ይለኝ ነበር። ትልልቆቹ መጋዞች፣ ወፍራም ግራር የሚጥሉት፣ እንጨት ሳይነኩ ቃታው እስከ መጨረሻ ተስቦ ሙሉ ጋዝ ሲሰጣቸው ትንሽ ማጉረምረም አለባቸው፤ ጉንፋን እንደያዘው ሰው። ድምፃቸው የሚጠራው እንጨት ውስጥ ሲገቡ ነው። እንጨት ሳይነካ የጠራና የቀጠነ መጋዝ ግን ቤንዚን አንሶታል ማለት ነው። የሞተሩ ዙር ከልክ ያልፋል፣ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ የሚገባው ዘይትም አብሮ ያንሳል፣ ፒስተኑ ይቃጠላል።

በእኛ ቆላ ይህ ችግር ብዙ ነው። ለእንጨት ሥራ የሚመጡት ደገኞች መጋዛቸውን ጎንደር ላይ አስተካክለው ይወርዳሉ። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚኑም ይቀነስለታል፤ እዚህ ሲደርስ አየሩ ይወፍርና ያ የተቀነሰው አይበቃውም። ባለቤቴ ካቻቪቴውን ያነሣና ካርቡሬተሩ ላይ ያለችውን፣ ቤንዚን የምትመጥነውን ትንሽ ቪቴ በጥቂቱ ይፈታል፣ ያዳምጣል፣ ደግሞ ይፈታል። ዙር የሚቆጥር መሣሪያ አለ ይላሉ፤ እኛ ቤት ግን ታይቶ አይታወቅም። አብደራፊና አብርሃ ጅራ ድረስ ስሙ የተነሣው በጆሮው ነው።

ያ ጆሮ ደከመ። ዕድሜውን ሙሉ ከሚጮህ ብረት ጋር የኖረ ሰው ጆሮ ባይደክም ነበር የሚገርመው። ኪሱ ውስጥ ስልኩ ሲጠራ የምነግረው እኔ ሆንኩ። ከጀርባው ብጠራው አይዞርም። ሰፈሩም ማውራት ጀምሮ ነበር፤ መቼም ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፣ ወሬው እሱ ዘንድ አልደረሰም ብዬ አሰብኩ። እኔም ዝም አልኩ። ፈራሁ። ጆሮህ ደክሟል ማለት እንጀራህ አበቃ ማለት መሰለኝ። ደግሞ መጋዞቹ ደኅና ሆነው ነበር የሚወጡት። ወጥ ቤቱ በር ላይ ተቀምጬ የተማሪ ደብተር ሳርም እሰማቸዋለሁ፤ ያጉረመርማሉ። እንግዲህ እጁ ለምዶታል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ባለፈው በጋ አንድ የጎጃም ሰው አዲስ ትልቅ መጋዝ ተሸክሞ መጣ። በሬ ሸጦ የገዛው ነው። አብደራፊ አንድ እርሻ ላይ ነፋስ የጣላቸውን ግንዶች ሊቆራርጥ ኮንትራት ይዟል፤ በማግስቱ ይጀምራል። መጋዙ ከተቃጠለበት በሬውንም ሥራውንም አጥቶ አገሩ ይገባል። ይህን ሁሉ ለባለቤቴ ሲያጫውተው እሰማለሁ። ባለቤቴ ግማሹንም የሰማ አልመሰለኝም፤ ግን ራሱን ይነቀንቅለታል።

አዲሶቹ መጋዞች አንድ አመል አላቸው። ዙሩ ከተወሰነለት ሲያልፍ ሞተሩ እንዳይሰበር የካንዴላውን እሳት ራሳቸው ቆረጥ ቆረጥ ያደርጉታል። ያን ጊዜ ይንተፋተፋሉ። መንተፋተፉ የደኅናውን ማጉረምረም ስለሚመስል ብዙ መካኒክ ይሸወዳል። እጅ ላይ ሁለቱም ያው መንቀጥቀጥ ናቸው። የሚለያቸው ጆሮ ነው፤ የደኅናው ድምፅ ወፍራምና ወጣ ገባ ነው፣ ገደቡን የነካው ቀጭንና እኩል ነው።

ያን ዕለት እኔ ጀርባዬን ሰጥቻቸው ሰሌን ላይ በርበሬ አሰጣ ነበር። መጋዙ ተነሣ፣ ሙሉ ጋዝ ተሰጠው። ቀጭንና እኩል ነው። አሁን ያስተካክለዋል ብዬ ጠበቅሁ። ድምፁ ሳይወፍር መጋዙ ጠፋ። ባለቤቴ ሰውየውን "በል ይቅናህ" ብሎ ሲያሰናብተው ሰማሁ።

ዘወር ስል ሰውየው መጋዙን በጆንያ መጠቅለል ጀምሯል። ባለቤቴን እንግዳ ፊት ማሳፈር ሞት ነው። ዝም ብል ደግሞ የዚያ ሰው ልፋት በአንድ ጠዋት አመድ ሊሆን ነው። እጄ በርበሬ እንደሆነ ሄድኩና አንድ ጊዜ ድጋሚ አስነሡት አልኳቸው።

"ምነው እታለም፣ ጋሼ ጨርሰውታል እኮ" አለኝ ሰውየው።

ባለቤቴን ብቻ አየሁት። እሱም አየኝ፤ ከዚያ መጋዙን ተቀብሎ አስነሣው። እኔ ፊት ለፊቱ ቆሜአለሁ። ቪቴውን ቀስ እያለ ፈታ። ድምፁ እየወፈረ፣ እየወፈረ መጣና ማጉረምረም ሲጀምር እጁን አነሣ። ሰውየው መርቆን ሄደ።

ብቻችንን ስንቀር ዛሬስ ልንገረው ብዬ ቆረጥኩ። ቃል መረጥኩ፣ እንዳይከፋው አስተካከልኩት። "ጆሮህ" ብዬ ስጀምር በእጁ አስቆመኝ።

"አውቃለሁ" አለ። "ካወቅሁት ቆይቷል። እኔ የማስተካክለው ያንቺን ፊት እያየሁ ነው። ድምፁ ሲቀጥን ቅንድብሽን ትቋጥሪያለሽ፣ ሲወፍር ትፈቺዋለሽ። ዛሬ ጀርባሽን ሰጠሽኝ።"

እኔ ምስጢር የደበቅሁለት መስሎኝ ከርሜ ለካ ምስጢሩን ተሸክሜ የኖርኩት ፊቴ ላይ ነው። አፈርኩ፤ ወዲያው ደግሞ አሳቀኝ።

"ቀና እያልክ ስታየኝ ወደኸኝ መስሎኝ ነበር" አልኩት።

ከንፈሬን ትኩር ብሎ አይቶ "እሱም አለበት" አለ።

በማግስቱ ሌላ ደንበኛ መጣ። ባለቤቴ መጋዙን ተቀብሎ አገላበጠው፣ ቤንዚኑን አየ፣ ግን አላስነሣውም። ሰውየው ምን እየጠበቅን ነው ዓይነት አስተያየት አየው። ባለቤቴ እኔን ከወጥ ቤት ጠራኝና ሰው ፊት፣ ድምፁን ሳይቀንስ፣ "እሷ ትስማው፤ እኔ አልሰማም" አለው።