በክብር የተለየ ጠረጴዛ

እዚህ ካሊፎርኒያ ያለው የሐበሻ ማኅበራችን ኮሚቴ ሊቀመንበር ሰው ሲያከብር ደሜ ይፈላል። ቤት አሻሻጭ ነው፤ ለማንም «የኔ ጌታ»፣ «የኔ እመቤት» ማለት ያውቅበታል። ሲያከብራችሁ ከፍ አድርጎ ራቅ ያለ ቦታ ያስቀምጣችሁና ዘወር ብሎ አያያችሁም። የኦክላንዱ አዳራሽ የተመረቀ ዕለት ያደረገውም ይህንኑ ነው። እኔም የመስተንግዶ ተጠሪ ተብዬ እዚያው ቆሜ አይቻለሁ።

አዳራሹን የሰጡን ወንድምና እህት ናቸው። ከጎንደር ገጠር የወጡ ቤተ እስራኤሎች፤ በእስራኤል በኩል ዞረው እዚህ የደረሱ። ወንድምየው ወደቡ ላይ በአንድ አሮጌ ትራክ ኮንቴይነር ሲያመላልስ ቆይቶ ዛሬ ሾፌር ቀጥሮ የሚያሠራ ሆኗል። እህትየው ሳን ሆዜ ውስጥ የሰው አሮጊት እያጠበች ጀምራ፣ ዛሬ አረጋውያንን በየቤታቸው የሚንከባከብ ድርጅት አላት። በዲቪ የመጣሁ ሰሞን፣ እንግሊዝኛዬ ገና ሲንገዳገድ፣ ሥራ የሰጠችኝ እሷ ናት። እስከ ዛሬም የምሠራው እሷ ጋ ነው።

ሲያልፍላቸው እንደ ሌላው ሰው ተራራ ላይ ቤት አልገዙም። በርክሌ ያለውን የምኩራባቸውን ጣሪያ አስጠገኑ። በዓል በመጣ ቁጥር ጧሪ ለሌላቸው አይሁድ ሽማግሌዎች ምግብ በየቤታቸው ያስልካሉ። ያኔ የኛ ሰው ምን አለ? «ለራሳቸው ወገን ብቻ ነው የሚሰጡት» አለ። ቀጥለው ደግሞ ለኛ፣ የልጅ ልደት እንኳ በኪራይ ምድር ቤት ለምናከብረው ለኛ፣ አዳራሽ እንስጣችሁ ሲሉስ? «ምን ፈልገው ነው?» አለ። እቴ! ለዚህ ሕዝብ ምን ይደረግለታል?

የፈለጉት ነገርማ ነበር፤ እሱም የእናታቸው ምኞት ነው። ስማችን ግድግዳ ላይ ይጻፍ አላሉም። በምረቃው ቀን እማማ ራሳቸው የጋገሩት ዳቦ ተቆርሶ፣ የመጣው ሰው ሁሉ ከእጃቸው እንዲበላላቸው ብቻ ጠየቁ።

እማማን በደንብ አውቃቸዋለሁ፤ ልጃቸው ሥራ ሲበዛባት እኔ ነኝ አብሬያቸው የምውለው። አገር ቤት ሸክላ ሠሪ ነበሩ። «ድስቴን ገዝተው ወጥ ይሠሩበታል» አሉኝ አንድ ቀን፤ «ከእጄ ግን ቁራሽ አይቀበሉም። በመንገድ ሳልፍ እናቶች የልጆቻቸውን ፊት ይሸፍናሉ፤ ዓይኗ ይበላል ብለው።» ሐቀኛ ናቸውና ይህንንም ጨመሩ፦ «እኛም ብንሆን አትንኩን እንል ነበር። የናንተ ሰው ከነካን ገላችንን ታጥበን ነው ቤት የምንገባው። አሁን አርጅቻለሁ፤ እኔም ትቼዋለሁ፣ እነሱም ይተዉልኝ። ሳልሞት አንድ ቀን ከእጄ ሲበሉ ልይ።»

ቡዳ የምትለዋን ቃል ኦክላንድ ላይ አፉን ሞልቶ የሚናገር የለም። ሁሉም የተማረ ነው፣ ሁሉም ላፕቶፕ አዝሏል። ሚቲንግ ላይ የዳቦውን ነገር ሳነሳ ግን ሁሉም ሌላ ሥራ ያዘ። ሳን ሆዜ ኮምፒውተር ላይ ተጥዶ የሚውለው ጎረምሳ ስልኩን ማየት ጀመረ። አንዷ ሰይጣን የተጠራባት ይመስል አማተበች። ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠረገና «ችግሩ ኢንሹራንሱ ነው፤ ከቤት የመጣ ምግብ አይፈቅድም» አለ። ወይ ኢንሹራንስ! የዚያችን ያማተበችውን ሴትዮ ሳምቡሳ ስንት ጊዜ ሲያሳልፍ እንደኖረ እኔ አውቃለሁ።

ለአለቃዬ ነገርኳት። እዚያው ፊቴ ለሊቀመንበሩ ኮል አደረገች። «ዳቦው ካልተቆረሰ ቁልፉም አይመጣም» አለችና ዘጋችበት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

እሑድ ደረሰ። አዳራሹ ውስጥ ረጃጅሙ ጠረጴዛ የኮሚቴው ሴቶች ከየቤታቸው ባመጡት ወጥና ሳምቡሳ ሞልቷል፤ ኢንሹራንሱ ትንፍሽ አላለም። ከመድረኩ ሥር፣ ከሰው ሁሉ ርቆ፣ ነጭ ጨርቅ የለበሰ ትንሽ ጠረጴዛ አለ። አበባ ተቀምጦበታል። ለወንድም፣ ለእህትና ለእናት ብቻ። በላዩ ላይ በፕላስቲክ የታሸገ፣ በአይሁድ ሥርዓት የተዘጋጀ የኮሸር ምግብ ተደርድሯል።

«ይሄ ምንድነው?» አልኩት ሊቀመንበሩን።

«ለሃይማኖታቸው ክብር ሲባል ነው።»

«እማማ ሽሮ ካለ ይበቃኛል፣ ከሰው መሐል አስቀምጪኝ ብለዋል። ነግሬህ የለም እንዴ?»

«ኧረ ነውር ነው! የክብር እንግዳ እንዴት ከሰው ጋር ይጋፋል?» አለኝ፣ ክራቫቱን እያስተካከለ።

ይሄ ነው እንግዲህ ሰውዬው። አያቶቹ በጥላቻ የለዩትን እሱ በአበባ ለየው፤ ደግሞ ምስጋና ይጠብቃል።

እማማ ዳቧቸውን በነጭ ሻሽ ጠቅልለው ታቅፈው ገቡ። ምጣዱን የሚያህል ዳቦ ነው፤ ጥቁር አዝሙዱ ከበር ይሸታል። የታሸገውን ምግብ አዩት፣ አበባውን አዩት። ዳቦውን ቆረሱና ቆመው ጠበቁ።

ሊቀመንበሩ አንደኛ ሆኖ ሄደ፤ ፎቶ አንሺው ቆሟላ! በሁለት እጁ ተቀብሎ ጎንበስ አለ። ከዚያ ሰዉ ተሰለፈ። ሁሉም በናፕኪን እየተቀበለ «እጅዎ ይባረክ እማማ» እያለ ያልፋል። ያቺ አማታቢዋ ትንሽ ልጇን ከቀሚሷ ኋላ ሸሸገቻት። ልጅቷ «ማም፣ አይ ወንት ዘ ብሬድ» ብትል «በኋላ!» ብላ ጎተተቻት። እማማ ግን የያንዳንዱን ፊት ባዩ ቁጥር ፊታቸው ይበራል። ያ ግዙፍ ወንድምየው ወደ ግድግዳው ዞሮ ዓይኑን ሲጠርግ አየሁት። እኔም ጅሏ አለቀስኩ። ሰዉ ተለወጠ ብዬ።

ንግግር ተደረገ፣ ቁልፍ ተሰጠ፣ ተጨበጨበ፣ ሰው ተበተነ። ሰሃን ሰብስቤ ወደ ማድቤት ገባሁና ትራፊ ልደፋ አረንጓዴውን የቆሻሻ ቢን ከፈትኩ።

ዳቦው እዚያ ነበር። በየናፕኪኑ እንደተጠቀለለ፣ አንዱም ላይ የጥርስ ምልክት ሳይኖርበት። የኛ ሰው ጨዋ ነው እኮ! ፕላስቲኩን በአንዱ ቢን፣ የእማማን ዳቦ የምግብ ትራፊ በሚጣልበት በአረንጓዴው። አካባቢ እንዳይበከል ይጨነቃል። እዚያው ቆሜ ሁሉንም በየስማቸው ሰደብኳቸው፤ ሊቀመንበሩን ሁለት ጊዜ። ደግነቱ እኔ እንደነሱ አይደለሁም አልኩ፣ ጮክ ብዬ።

ከኋላዬ በሩ ተከፈተ። እማማ ናቸው፤ ሰሃን ላግዝሽ ብለው የመጡ። ክዳኑን ለቀቅሁት፣ ጓ አለ።

«በሉልኝ?» አሉኝ።

«እንዴ! ምን ማለትዎ ነው እማማ፣ ጠረጉት እኮ!»

ቢኑን አዩት። እኔን አዩኝ። እማማ በያዙት ሻሽ ላይ አንድ ቁራሽ ቀርታ ነበር፤ አነሳሁና አፌን ሞላሁት። «ይኸው እኔም እየበላሁ ነው! እንዴት ይጣፍጣል!» አልኩ፣ እያነቀኝ።

እማማ ፈገግ አሉ፤ ቁጣም የለበት፣ ሐዘንም የለበት።

«አንቺማ ትበያለሽ ልጄ» አሉኝ፤ «የልጄ ሠራተኛ ነሽ።»

ከዚያ እጅጌያቸውን ሰብስበው የሰዉን ሰሃን ማጠብ ጀመሩ።