በመናጫ ቅል የተወለወለ መቁጠሪያ

ልጅ እያለሁ ላሊበላ ውስጥ እናቴ በአሮጌ የወተት መናጫ ቅል ድንጋይ ትንጥ ነበር። አባቴ ከወንዝ የለቀመውን ለስላሳ ድንጋይ አድቦልቡሎና በስቶ ይሰጣታል፤ እሷ ለመቁጠሪያ ትወለውለዋለች። መጀመሪያ በውሃና በደቃቅ አሸዋ ትንጠዋለች። ከዚያ አንዲት የአሸዋ ፍሬ እስከማትቀር ድረስ ቅሉንም ድንጋዩንም ታጥባለች፤ በመጨረሻ የገብስ እብቅና የተነፋ አመድ ትጨምርበታለች። ጠንካራ ድንጋይ አትቀላቅልም፣ ለስላሳውን ይጭረዋልና። ቅሉ ጎደሎ ከሆነም ድንጋዩ እየተላተመ ይሸራረፋል፤ ስለዚህ በእብቅ ሞልታ በዝግታ ትንጠዋለች። የእርጥብ እብቅ ሽታ ጓዳችን ውስጥ ይከርም ነበር።

አንድ ጊዜ ከአሸተን ማርያም የሚወርዱ መነኩሴ መቁጠሪያ አዘዟት። ሥራው ያለቀው ሁዳዴ ከገባ በኋላ ነው። ጎረቤታችን እትዬ አልጋነሽ አንዱን ፍሬ በጣቷ አሸት አሸት አድርጋ አሸተተችውና፣ «እቴ፣ ድንጋይሽ በጾም እንዲህ ይወዛል እንዴ?» አለቻት።

በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ ቅቤ ቀብታው ነው አለ። ይህ ከታመነ ከእናቴ እጅ መቁጠሪያ የሚቀበል ካህን አይኖርም። እኔም ጓዳ ገብቼ ቅሉን አሸተትኩ። የጭስና የድሮ ወተት ሽታ ነበረው። ከዚያ ወዲያ እናቴን በጎን ማየት ጀመርኩ።

መነኩሴው ሲመጡ ጎረቤቱ ደጃችን ላይ ተሰበሰበ። አባቴ ፍሬዎቹን በፊታቸው በፈላ ውሃና በእንዶድ አሻቸው። ከደረቁ በኋላም እንደዚያው አበሩ። እትዬ አልጋነሽ ጎንበስ ብላ አየችና ወደ ኋላ ፈቀቅ አለች። መነኩሴው ግን በምን እንደወለወለችው ጠየቋት። አባቴ ዝም እንድትል በዓይኑ ጠቀሳት።

«በመናጫ ቅል ነው፣ አባ» አለች እናቴ ለመነኩሴው። «ወተት ከተናጠበት ቆይቷል፤ በአመድም አጥቤዋለሁ። ቢሆንም የመናጫ ቅል ነው።»

መነኩሴው መቁጠሪያውን መልሰው እጇ ላይ አኖሩት። «እንግዲያስ ለፋሲካ አስቀምጪልኝ፣ ልጄ።»

በዓሉ እንዳለፈ ወርደው ወሰዱት። ከዚያ ወዲያ ለማዘዝ የሚመጡ ካህናት በምን እንደምትወለውል አስቀድመው ይጠይቋታል፤ እሷም ሳትደብቅ ትነግራቸዋለች።

ዛሬ ልጄ በሞተር በሚዞር በርሜል ድንጋይ ይወለውላል። በእብቅ ፈንታ የፕላስቲክ ፍሬ ይጨምራል፤ ድንጋዩም ከእናቴ ድንጋይ ይልቅ ያበራል። እኔ እንዲህ ያለ ብርሃን ሳይ እጠረጥራለሁ። ባለፈው አንዱን በሳሙና ሳሽ ደረሰብኝና፣ «አባዬ፣ አታምነኝም?» አለኝ። በምን እንዳበራው ጠየቅኩት። ደብዝዘው የወጡትን ብቻ ዘይት እንደሚቀባቸው ነገረኝ። እውነቱን መናገሩን ወደድኩለት፤ ለገዢም እንዲህ ብለህ ንገር አልኩት።

«ገዢ እኮ አይጠይቅም፣ አባዬ» አለ።

እውነቱን ነው። ያኔ ለአንድ መቁጠሪያ ሰፈር ሙሉ ሰው ተጠራጥሮ ደጃችን ቆመ። ያን ጊዜ በጣም ጠልቻቸው ነበር፤ ዛሬ ግን ይናፍቁኛል።