የሆዳን የችግኝ ጎጆና እኔ የጻፍኳት አንዲት መስመር

ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ጅጅጋ

ወደ አውበሬ የተነሣሁት የወረዳውን ንግድ ጽሕፈት ቤት ላስተምር ነው። የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ ማንበብና መጻፍ የቻልኩ፣ የንግድ ፈቃድ መደቦችን ከነቁጥራቸው በቃሌ የምወጣ ሰው ነኝ። ማመልከቻ ጽፌለት ባዶ እጁን የተመለሰ የለም።

ትናንት ሆዳን ከአውበሬ ደወለችልኝ። ችግኝ አፍልታ የምትሸጥ ሴት ናት፤ የፈቃድ ቅጿን ባለፈው ወር የሞላሁላት እኔ ነኝ።

«አዴር» አለችኝ፤ በሶማልኛ አጎቴ ማለቷ ነው። «ከባለሱቆች ጋር መደቡኝ። የአዲሱ ጉድጓድ ውኃ ተክል ለሚያለሙ ብቻ ነው ይላሉ። የውኃው ዝርዝር ነገ ይዘጋል።»

ዝናቡ ቀርቷል። ያን ውኃ ካላገኘች ችግኟ በሙሉ ይደርቃል። «አይዞሽ፣ እኔ አለሁ» አልኳት።

ሚኒባሱ ውስጥ ጋቢና ተቀመጥኩ። ሾፌሩ ከረባቴን አየና «አባባ፣ ሰርግ ነው?» አለኝ።

«ክርክር ነው።»

«ከማን ጋር?»

«ከመንግሥት ጋር።»

«እንግዲያው የመመለሻውንም አሁኑኑ ይክፈሉኝ» አለ፤ ከኋላ ያሉት ሳቁ። የመሄጃውን ሁለት መቶ ብር ብቻ ቆጥሬ ሰጠሁት።

ከከተማው ስንወጣ ሜዳው ሰማይ እስኪነካ ተዘረጋ። ሳሩ ነጭ ሆኗል። ከሰው ቁመት የሚበልጥ ኩይሳ በየቦታው ቆሟል፤ ግመሎች በመሃሉ ይሄዳሉ። መንገድ ላይ ወርደን በግመል ወተት የተፈላ ሻይ እንጀራ በሚመስለው በላሆህ ቀመስን። ይህን ሁሉ አቧራ እያየሁ፣ እዚህ አገር ችግኝ ማፍላት እንዴት ይታሰባል? እል ነበር።

ሦስት ሰዓት ተኩል፣ አውበሬ

ሆዳን ከመናኸሪያው ተቀብላ ወደ ጓሮዋ ወሰደችኝ። ችግኝ ብፈልግ የለም። ያለው አቃል ብቻ ነው፦ ከጎበጠ እንጨት ተቀልሶ በምንጣፍ የሚሸፈነው የአርብቶ አደር ጎጆ፣ ሦስት በተርታ።

«የታለ ችግኝሽ?»

«ግባ አዴር፣ ጎንበስ በል!»

ጎንበስ ብዬ ገባሁ። ውጭው እንደ ምድጃ ይነዳል፤ ውስጡ ቀዝቃዛ ነው፣ እርጥብ አፈር ይሸታል። በምንጣፉ ቀዳዳዎች ብርሃን እንደ ጤፍ ይረግፋል። ከሥሩ ፓፓያ፣ ሎሚ፣ ኒም፣ ቲማቲም፣ እግር ማሳረፊያ እስኪጠፋ ተደርድሯል። ሁሉም አረንጓዴ፣ ሁሉም ቀና ያለ። ባርኔጣዬን አወለቅኩ። ሰባ ዓመት ኖሬ ለተክል ባርኔጣ ሳወልቅ የመጀመሪያዬ ነው።

«ጠዋት የምሥራቁን ምንጣፍ እገልጣለሁ» አለች። «ቀትር ላይ እዘጋለሁ። ነፋሱ ሲዞር እኔም አብሬው እዞራለሁ። እናቴ ለእኛ ለልጆቿ እንዲህ ታደርግ ነበር።»

አምስት ሰዓት፣ ጽሕፈት ቤቱ

ኃላፊው ከሲታ፣ እርጋታ ያለው ሰው ነው። ቆሜ ተናገርኩ። «በጥላ ሥር የሚፈላ ችግኝ ግብርና ነው! ጣሪያ ስላለው ሱቅ አይሆንም!» ሻይ የምታፈላዋ ሴት ሳትቀር በር ላይ ቆማ ሰማችኝ።

ኃላፊው እስክጨርስ ጠበቀና ፋይሉን ከፈተ። «ጋሼ፣ ይህ የማን ጽሕፈት ነው?»

የእኔ ነው። እንዲህ ያለ እጅ ጽሕፈት ሌላ ሰው የለውም። ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው፦ «አመልካቿ በመኖሪያ ጎጆዋ ችግኝ ከሌላ ቦታ እያመጣች ትቸረችራለች።»

ሆዳን ዞር ብላ አየችኝ። «አዴር፣ እንዲህ ብዬሃለሁ?»

አላለችም። ያለችኝ «በአቃል ውስጥ አሳድጋለሁ» ነው። እኔ ግን፣ ሰው የሚያድርበት ጎጆ ውስጥ ማን ተክል ያሳድጋል? አነጋገሩ ጠፍቷት ነው ብዬ በራሴ አቃናሁት። አንድ ጥያቄ እንኳ አልጨመርኩም።

ላቤ አንገቴ ላይ ወረደ። «ወረቀት ስጡኝ» አልኩና ጻፍኩ፦ «ስህተቱ የእኔ የጸሐፊው እንጂ የእርሷ አይደለም። ዛሬ በዓይኔ አይቻለሁ።» ፈረምኩበት።

«እኔም ማየት አለብኝ» አለ ኃላፊው። ሦስታችንም ሄድን። ጎንበስ ብሎ ገባ፤ ብዙ ቆየ። ሲወጣ ትከሻው በምንጣፉ እርጥበት ረስርሷል። «ይህን በር በየቀኑ አልፈዋለሁ። ሰው የሚኖርበት መስሎኝ!» አለ። ቢሮ ተመልሶ በመጠለያ ሥር ችግኝ ማፍላት ከሚለው መደብ አስገባት፤ ስሟንም ከውኃው ዝርዝር መጨረሻ ላይ ጻፈ።

ሆዳን ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። «ልጆቼ ሊጠጡ ነው» አለች። ወዲያው ደግሞ፣ «አዴር፣ ሌላ ጊዜ የምልህን ጻፍ፤ የምታስበውን ለራስህ ያዘው!»

አመሻሽ፣ ጅጅጋ

ሆዳን በወተት ጣሳ ተክላ የሰጠችኝን ፓፓያ ጭኔ ላይ ይዤ ተመለስኩ። ሾፌሩ ያው የጠዋቱ ነበር።

«አባባ፣ ክርክሩስ?»

«ረታሁት።»

«መንግሥትን?»

«አይደለም። ጅጅጋ ውስጥ ሁሉን አውቃለሁ የሚል አንድ ጸሐፊ ነበር፤ እሱን።»

ፓፓያው አሁን ደጄ ላይ በምንጣፍ ጥላ ሥር ነው። ጠዋት ጠዋት ምንጣፉን እገልጥለታለሁ። ቅጽ የሚያስሞላ ሰው ሲመጣም ከብዕሬ በፊት ባርኔጣዬን አነሣና «ሥራህን መጀመሪያ አሳየኝ» እለዋለሁ። እንዲህ የሚያደርግ ጸሐፊ በጅጅጋ ከእኔ በቀር የለም።